ለማስመሪያው ያልነገርኩት

ውድ ማስመሪያው፣

ይህን ቅጽል ስም ያወጣሁልህ እኔ ነኝና ዛሬም በሱ ልጥራህ። አርባ ድርብ ጨርቅ ያለ ማስመሪያ ቀጥ አድርገህ ስትቆርጥ ልብስ ፋብሪካው ውስጥ አሥራ ሁለት ዓመት ከጎንህ ቆሜ አይቻለሁ። ደኅና መሆንህን፣ ወንድምህ ባለበት ከተማ መጋዘን ውስጥ ዕቃ እያወረድክ መሆኑንም ባለቤትህ ነግራኛለች። የምጽፍልህ ግን ለሰላምታ ብቻ አይደለም።

ከሥራ እንደምንሰናበት ሁለት ዓመት ቀድሜ አውቅ ነበር።

አንተ ጥርስህን ልታስነቅል የቀረህ ዕለት ሁለት ሰዎች መጥተው የቆረጣ ክፍላችንን ወለል ለኩ። አለቃችን ሜትሩን እንድይዝላቸው አዘዘኝ። ምን ሊተከል ነው ብዬ አንደኛውን ጠየቅሁት። የአሥራ ሁለት ሰው ሥራ የሚሠራ መቁረጫ መሣሪያ እንደሆነ፣ ቢዘገይ በሁለት ዓመት እንደሚገባ ነገረኝ። ክፍሉ ውስጥ አሥራ አራት ነበርን።

ቤት ስገባ ለባለቤቴ ነገርኳት። እሷ ነገር አታንዛዛም። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ካሁኑ ሌላ ሙያ ያዝ» አለችኝ። ቀጥላም ለአንተ እንድነግርህ መከረችኝ። የመጀመሪያውን ሰማሁ፤ ሁለተኛውን ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ።

ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ሰው ሠራሽ እግር የሚሠራበት ወርክሾፕ አለ። ቅዳሜ ቅዳሜ ቆዳ መቁረጥ፣ ጀሶ ማቡካት፣ ማሰሪያ መስፋት ያሠለጥናሉ። የሚቀበሉት በፈተና ነው፤ ያን ጊዜ የሚፈልጉት አንድ ሰው ብቻ ነበር። ሳልነግርህ ብቻዬን ተፈትኜ አለፍኩ፤ ወሬው እንዳይዛመት ፈርቼ ነው እያልኩ ራሴን ስሸነግል ኖርኩ። እውነቱ ሌላ ነው። አብረን ብንፈተን የሚወስዱት አንተን ነበር።

ቅዳሜ የት እንደምጠፋ ስትጠይቀኝ አማቴን ሐኪም ቤት እንደማመላልስ ነገርኩህ። ሴትዮዋ ከኔም ከአንተም የበለጠ ጤነኛ ናቸው። አንተ ግን ሰኞ ሰኞ ስለሳቸው ሳትጠይቀኝ አታልፍም። አንዴ እንዲያውም ብርቱካን ላክህላቸው። «ምን ሆንኩ ብሎ ነው?» እያሉ በሉት። እኔ አንድም አልቀመስኩ።

የስንብቱ ደብዳቤ በምሳ አዳራሽ የተነበበ ቀን ሰው ሁሉ ደነዘዘ። እኔም ቀድሞ እንዳልሰማ ሰው አቀረቀርኩ። አንተ መጥተህ ትከሻዬን ያዝክና፣ «አይዞህ፤ ሥራ ካገኘሁ ቀድሜ የምጠራው አንተን ነው» አልከኝ።

በሳምንቱ ወርክሾፑ ውስጥ በቋሚነት ሥራ ጀመርኩ። ከዚያ በኋላ ስትደውል ስልኩን አላነሳም ነበር። የታመምኩ መስሎህ ቤቴ ድረስ መጣህ። ጓዳ ተቀምጬ ልጄን የለም እንድትልህ ላክኋት።

ባለፈው ሳምንት አንድ ሠራተኛ በጡረታ ወጣ። የወርክሾፑ ኀላፊ እጁ የማይስት ሰው አውቅ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ከኔ የሚበልጥ አንድ ሰው አለ አልኳት።

«ታዲያ ያኔ አብሮህ ለምን አልመጣም?»

«ስላልነገርኩት።»

ቀና ብላ አየችኝ፤ ከዚያ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ነገሩን በአፌ ሳወጣው ያ የመጀመሪያዬ ነው።

ፈተናው በዚህ ወር የመጨረሻ ሐሙስ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው። የሚሰጡህ ቆዳ እርጥብ ስለሆነ ይለጠጣል፤ ከመስመሩ ትንሽ ገባ አድርገህ ቁረጠው። እኔ ይህን ለማወቅ ስድስት ወር ፈጅቶብኛል። ደመወዙ ከፋብሪካው ትንሽ ያንሳል። ግን የሠራኸውን ለብሶ አንድ ሰው ከወንበሩ ሲነሣ ቆመህ ታያለህ።

ይቅር በለኝ። ሥራውን ግን መማለጃ አድርገህ አትቁጠረው፤ ባትታረቀኝም ና። በሩ ላይ እጠብቅሃለሁ። እኔን ማየት ካልፈለግህ ደግሞ በጓሮ በኩል ግባ፤ ቢሮው በስተግራ ነው።

አጠገብህ ይቆርጥ የነበረው