የፐርሲየስ ግራ እጅ

ቦሎኛ፣ ጥቅምት 1662

ውድ ካሚሎ፣

ወደ ሞዴና የወሰደህ እውነት የአክስትህ ሕመም ከሆነ፣ እግዚአብሔር ይማርልህ። እኔ ግን ማመን አቅቶኛል።

ያንተና የሠዓሊዋ የኦርሶላ የቀይ ጠመኔ ሥዕሎች እስከ ቅዳሜ እኔ ዘንድ ናቸው። በሁለቱም ላይ ፐርሲየስ ዓለት ላይ የታሰረችውን አንድሮሜዳን ሊያድን በባሕሩ አውሬ ላይ ሰይፍ መዝዟል። ልዩነቱ በአንዱ በቀኝ ያለው በሌላው በግራ መሆኑ ነው። አንተ "ሰርቃኛለች" አልክ፤ እኔም በሠዓሊዎች ማኅበር ፊት "መጀመሪያ የተሣለው የካሚሎ ነው" ብዬ መሰከርኩ። በዚህ ቃሌ ቅዳሜ ስሟ ከማኅበሩ መዝገብ ይሰረዛል። ከዚያ ወዲያ በዚህ ከተማ በሙያዋ ማደር አትችልም።

ሥዕልህን ያሳየኸኝ ቀን ወረቀቱን ልቀበልህ እጄን ስዘረጋ፣ "ጠመኔው ይረግፋል መምህር፣ ራቅ ብለው ይዩት" አልከኝ። አሥራ አንድ ዓመት ያስተማርኩህ ልጅ ነህና ራቅ ብዬ አየሁ።

ማክሰኞ ኦርሶላ መጣች። ገና ሳትቀመጥ፣

"የደከመው ዐይንዎ ነው ወይስ ፍርድዎ?" አለችኝ።

"ሁለቱም። ያንቺ ምላስ ግን ደኅና ነው።"

"ምላሴን ይተዉትና ጥላው የተሠራበትን ሰረዝ ይዩ። በግንቦት 'ማተሚያዬ ተሰብሯል' ብሎ ሥዕሌ ካለበት ቤቴ መጥቶ በኔ ማተሚያ ለምን እንደሠራም ይጠይቁልኝ።"

በግንቦት ቤትህ መጥቼ ነበር። ማተሚያህ ይሠራ ነበር።

ስትሄድ ወረቀትህን መስኮቱ ሥር ዘረጋሁት። በቀኝ እጁ የሚሥል ሰው ሰረዙ ከቀኝ ወደ ግራ ይወርዳል፤ የኦርሶላ እንዲያ ነው። አንተም ቀኝህ ነው የሚሠራው፤ ያንተ ሰረዞች ግን በሙሉ በተቃራኒው ይወርዳሉ። በቀይ ጠመኔ ሥዕል ላይ እርጥብ ወረቀት አልብሶ በማተሚያ መጫንን ያስተማርኩህ እኔው ነኝ፤ ግልባጩ ቀኝና ግራው ተለዋውጦ፣ ፈዝዞ ይወጣል። ያንተም ፈዛዛ ነው፤ የደመቀው ሰይፉ ብቻ። ፐርሲየስ ግራኝ ሆኖ ስለወጣብህ ሰይፉን በቀኝ እጁ አስያዝከው፤ የግራውን በዳቦ ፍርፋሪ አጠፋኸው። የጠፋው ሰይፍ ጫፍ ግን ቀርቷል።

ሦስት ጊዜ መላልሼ አየሁት። እንድሳሳት እየለመንኩ ነበር ያየሁት። ያልተሳሳትኩ እንደሆነ፣ አንዲት ንጹሕ ሴትን በገዛ አፌ "ሌባ" ያልኩት እኔ ነኝና።

ቅዳሜ ስሟ ሳይነበብ እነሣለሁ። መጀመሪያ የራሴን ጥፋት እናገራለሁ። ከዚያ ወደ በሩ ዞሬ እጠብቅሃለሁ። ገብተህ ቀሪውን አንተው ብትናገር፣ አጠገቤ ቦታ አለህ። ካልገባህ ግን ስምህን እጠራለሁ።

ይህን ማድረግ የሚከብደው፣
መምህርህ ኤርኮሌ