ናሆምን ማን ይጠበው

ረቡዕ

አልሄድም አለች! ልጄ ማኅሌት፣ ስንት ዓመት የለፋችበትን የሆላንድ የትምህርት ዕድል አግኝታ፣ ቪዛው ወጥቶ፣ አልሄድም።

ምክንያቱ ናሆም ነው። ገና አምስት ወሩ ነው። የባሏ እናት እትዬ አትጠገብ፣ ከመራዊ ለአራስ ጥየቃ መጥተው ሹም አቦ ሰፈር እኛው ቤት እንደ ከረሙ ናቸው። «እናቱ ትማር፤ ልጁ ከእኔ ጋር ይቆይ። በሰው አገር ማን ያጥበዋል? ማን ያሸዋል?» ይላሉ። ባሏ እስከ ጥር መከተል አይችልም። ማኅሌት ደግሞ ጥዬው አልሄድም፣ ይዤውም አልችልም ባይ ናት።

አልችልም ያለችው ነው ያናደደኝ። እሷን ራሷን ሆላንድ ያሳደግኋት እኔ አይደለሁም እንዴ?

ሐሙስ

ዝናብ። ቢሮ ተቀምጬ በሐሳብ ሆላንድ ዋልሁ።

ባሌ ተማሪ፣ እኔ ቋንቋ የማላውቅ አራስ። እዚያ አገር ለወለደች ሴት ነርስ ቤት ድረስ ትመጣለች። የማኅሌትን አናት ቅቤ እቀባለሁ፤ ነርሷ መጥታ ታጥበዋለች፤ ስትወጣ መልሼ እቀባለሁ። አንድ ቀን ቅቤውን አሸተተችና፣ ዳቦ የምትቀባ መስላ በእጇ አሳየችኝ። ሆዳችንን እስኪያመን ሳቅን።

የማኅሌት ገንዳ የሳህን ማጠቢያው ሳፋ ነበር። ቤታችን ጠባብ፣ ኪሳችን ባዶ። ግን እንደዚያ ዘመን የሳቅሁበት ጊዜ የለም። ብስክሌት ላይ ከፊቴ አስቀምጫት በቦዩ ዳር ስንሄድ፣ ባየችው ዳክዬ ሁሉ ትጮህ ነበር። እኔም አብሬያት።

ማታ ይህን ሁሉ ነገርኋት። «እማ፣ አንቺ ሌላ ነሽ» አለችኝ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ናሆምን እኮ አንድ ቀን እንኳ አጥቤው አላውቅም።»

ክው አልሁ። እውነቷን ነው። ወይ እትዬ አትጠገብ፣ ወይ እኔ። ያጠብነው፣ ያሸነው፣ እግሩን ይዘን ያንጠለጠልነው እኛ። አራሷ ትረፍ ብለን ነበር። ዐርፋ ዐርፋ የገዛ ልጇን ፈራችው።

ዓርብ

እትዬ አትጠገብን ጣና ዳር ወስጄ የማንጎ ጭማቂ ጋበዝኋቸው። በባዶ አፍ እንዲህ ያለ ነገር አይነገራቸውም።

«ነገ ማኅሌት ትጠበው። እርስዎም እኔም እጃችንን አናስገባም።»

ሳቁብኝ። «ውሃ ሲያንቀው እያየሁ ዝም ልል?»

«ሆላንድ ቤቴ ትመጣ የነበረችው ነርስም ለእኔ ያደረገችው ይህንኑ ነው። መጀመሪያ አሳየችኝ፤ በማግሥቱ እጇን አጣጥፋ ቆመች።»

ጭማቂያቸውን እስከ ታች ጨለጡት። በመጨረሻ፣ «ይሁን። ደኅና አድርጋ ካጠበችው ይዛው ትሂድ። ካቃታት ግን ናሆም ከእኔ ጋር መራዊ ነው» አሉ።

ሴትዮዋ ቃላቸው ቃል ነው። ምን አግብቶኝ ነው አፌን የከፈትሁት!

ቅዳሜ

አጠበችው!

ውሃውን በክርኗ ለካች። ስታስገባው ናሆም ጩኸቱን ለቀቀው። እትዬ አትጠገብ ከበርጩማቸው ብድግ ሲሉ ቀሚሳቸውን ይዤ አስቀመጥኋቸው።

«ብብቱን! ብብቱን ረሳሽው!»

«ኧረ ቃልዎ፣ እትዬ!»

ሳሙናው አመለጣት። አነሣችው። አንገቱን፣ ብብቱን፣ የጭኑን እጥፋት። ቀስ በቀስ እኛን ማየት ተወችና ለልጁ ታወራለት ጀመር። እሱም ማልቀሱን ትቶ ዐያት። ከዚያ ውሃውን በእግሩ መታና ሦስታችንንም አረጠበን።

እልል አልሁ! እትዬ አትጠገብም እያለቀሱ እልል አሉ። ማኅሌት «ይዤው እሄዳለሁ» ብላ የእኔንም የእሳቸውንም ጉልበት ሳመች።

እሑድ

ዛሬ ማንንም አልጠራችም። በሩን ገርበብ አድርጋ ብቻዋን ታጥበዋለች። ሁለት አያቶች ሳሎን ተቀምጠን ውሃው ሲንቦጫረቅ እንሰማለን።

«አሸነፉኝ» አሉኝ እትዬ አትጠገብ።

«አሸነፍሁ» አልሁ፣ በኩራት።

«እንግዲህ ይሄዳል።»

ይሄዳል። እስከ ዛሬ እንዲሄዱ ስታገል፣ ይህን ቤት ያለ እሱ አስቤው አላውቅም። ደስ ብሎኛል፤ ግን ሆዴም ባባ።

ሁለታችንም ተነሥተን በሩ ሥር ቆምን። «ፎጣ ላቀብልሽ?» አልሁ።

«ይዣለሁ፣ እማ» አለች።