ቡናውንስ ተውኩት

አንኮበር፣ ሚያዝያ ፲፱፻፹ ዓ.ም.

ለልጅ ልጄ፣ ለቤታችን ሐኪም፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? የደብረ ብርሃን ብርድ እንዴት ይዞሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን፤ አያትሽ ጉልበቴን ትላለች እንጂ ምላሷ ፍጹም ጤነኛ ነው።

ስለ እንቅልፌ የጻፍሽው ሁለት ገጽ ደርሶኛል። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ቡና አይጠጡ፣ ቀን አይተኙ፣ እራት አምሽተው አይብሉ፣ ራዲዮ ከፍተው አይደሩ ብለሻል። አፍንጫዋን እጠርግላት የነበረች ልጅ ዛሬ መኝታዬን ታዝዛለች ብዬ ሳቅሁ። ለመሆኑ የገበሬ ማኅበር ስብሰባ ላይ ማንቀላፋት እንደ ቀን እንቅልፍ ይቆጠራል ወይ? እሱን ከከለከልሽኝ ሊቀመንበሩን ነቅቼ ልሰማው ነው፤ ይኼ ደግሞ ለጤና አይሆንም።

በቡናው ግን አያትሽ ቀድማሻለች። አሊዩ አምባ ወርጄ ከነጋዴው ከዓወል የገዛሁትን ደብቃ፣ ገብስ አሳርራ ስትቀዳልኝ ከርማለች። እኔ ምኑን አውቄ። ቡናህ ቀጠነ ብዬ ዓወልን ገበያ መሀል ብወቅሰው፣ ወላሂ አባባ፣ የኔን ቡና ትተው ቤትዎን ይጠይቁ አለኝ። ቤት ገብቼ ብጠይቃት፣ ሁዳዴን ሙሉ ገብስ ስትጠጣ ከርመህ ደግሞ ስለ ቡና ታወራለህ አለችኝ።

እንግዲህ ሐኪሟ፣ ቡናውንስ ሳላውቀው ተውኩት። እንቅልፉ ግን አልመጣም።

ደብዳቤሽን ሳነብላት አያትሽ፣ ስለ ወንድሟስ ምን አለች ብላ ጠየቀችኝ። ወንድምሽ ገብረ ጻድቅ ለውትድርና ወደ ሰሜን ከሄደ ወዲህ፣ ወንድሜ ጻፈላችሁ ወይ ሳትዪ የዘጋሽው ደብዳቤ የለም። በዚህኛው አላልሽም። ገልብጬ ጀርባውን ሁሉ አየሁት። ለእሷ ግን፣ ወንድሜ ጻፈላችሁ ወይ ትላለች ብዬ ከራሴ ጨምሬ አነበብኩላት። ፊቷ በራ፤ መንገዱ ነው እንጂ እሱስ ይጽፋል በላት አለችኝ። ይኸው ብያለሁ።

ጎረቤታችን ወልደተንሣኤም ጠባዩ ተለውጧል። በሬህ ካንተ ይሻላል ብዬ ብሰድበው፣ እሱስ እውነትህን ነው አለኝ። ዕድሜ ልኩን አንድ ስድቤን ሳይመልስ አድሮ የማያውቅ ሰው! ትናንት ደግሞ ሳልለምነው ማገዶ ፈልጦልኝ ሄደ።

ከእሱ ጋር ነጠላችንን አዘቅዝቀን፣ ባለቤቶቹ ሳይነቁ ደጃቸው ላይ ተሰብስበን፣ ስንቱን ቤት በማለዳ አንኳኩተናል። ነገሩ እንዴት እንደሚሄድ አውቀዋለሁ። አሁን ወደ ንጋት ላይ ውሻ በጮኸ ቁጥር ተነሥቼ እቀመጣለሁ፤ እግሩ የአንድ ሰው ነው የብዙ እያልኩ አዳምጣለሁ። ለዚህ የሚሆን መድኃኒት ከሁለቱ ገጽ ውስጥ አላገኘሁም።

አያትሽ ምንም አልጠረጠረችም። ደኅና ትተኛለች፤ እንዲያውም ታንኮራፋለች፣ ነገረኝ ብለሽ እንዳታጣዪኝ።

መምጣትሽ እንደማይቀር አውቃለሁ። በቀትር ከሆነ ብቻሽን ነይ፤ ቡናም ያዢልኝ፣ የእውነቱን። በማለዳ ከሆነ ግን ሰው ይዘሽ ነይ። እሷን ብቻዬን መያዝ አልችልም።

ሚካኤል በክንፉ ይጋርድሽ። መንገድሽን ያቅናልሽ። እንቅልፍሽንም የሕፃንነትሽን ያድርግልሽ።

ገብስ ጠጪው አያትሽ