መጋዘን ውስጥ ስለጠፉት መቶ አሥራ ሁለት የድንች ከረጢቶች

ለተከበሩ አቶ ስማቸው
የፌስታል አጥፊ ግብረ ኃይል ሰብሳቢ
መካነ ሰላም

ክቡር ሆይ፣ እርስዎ፣ ቤተሰብዎ፣ በር ላይ የሚቀመጡት ዘበኛ፣ እንዲሁም ማኅተምዎ እንደምን ከርማችኋል? እኔ አለምነው አበጋዝ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ዕድሜዬ ሰባ ስድስት ነው። ያለ ምርኩዝ ከቤቴ እስከ ቢሮዎ ሁለት ሰዓት ተኩል በእግሬ እመጣለሁ፤ ድንቼን ራሴ እቆፍራለሁ፤ ወጤን ራሴ እሠራለሁ፣ ጨው ይበዛበታል፣ የምበላው ግን እኔው ነኝ፤ መርፌ ላይ ክር በሦስተኛው ሙከራ አስገባለሁ። ይህንንም ደብዳቤ በመሠረተ ትምህርት ዘመን በያዝኳት ፊደል ራሴ ጽፌ፣ አንዱን ለእርስዎ ልኬ፣ ሌላውን ሰው ሁሉ እንዲያነበው በገበያው መግቢያ ግድግዳ ላይ ራሴ ለጥፌዋለሁ። ሙጫው የድንች ነው። ስለ ሙጫውም ሊከሱኝ ካሰቡ ከፊተኛው ክስ ጋር አንድ ላይ ያድርጉልኝ፤ መንገዱ ሩቅ ነው።

ነገሩን ለማያውቀው ገበያተኛ ስል ከመጀመሪያው ልነሳ። ባለቤቴ ወርቄ ካረፈች ሦስት ዓመት ሆናት። መቃብሯ ተዳፋት ላይ ስለሆነ ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፉ አፈሩን እየጫረ ይወስደዋል። ዙሪያውን ወይራ ልተክልላት ቃል ገብቼ አርባ ችግኝ በመደብ ላይ አፈላሁ። ችግኝ ግን የሚጓዘው በፕላስቲክ ከረጢት ነው፤ ከረጢቱ ሲቀደድ ሥሩ አብሮ ይቆረጣል፣ ቁራጩም ከመቃብር መቃብር ሲበር ይኖራል። ወርቄ በሕይወቷ ሙሉ ከአጥሯ ላይ ፌስታል ስትለቅም የኖረች ሴት ናት፤ ከሞተች በኋላ እኔው ላለብሳት አልፈለግኩም።

ስለዚህ ድንች ፈቀፈቅኩ። በውሃ አጥቤ አሳድሬ፣ ውሃውን ደፍቼ፣ ከሥር የቀረውን ነጭ ዝቃጭ፣ የተማሩት ስታርች የሚሉትን፣ ከውሃና ከጥቂት አቼቶ ጋር እንደ አጥሚት አበሰልኩት፤ በአሮጌ የመስኮት መስተዋት ላይ ስስ አድርጌ አፍስሼ ጥላ ውስጥ አደረቅኩት። የመጀመሪያው ተሰነጣጠቀ። ሁለተኛውም። ሦስተኛው ሲሰነጠቅ አቀርቅሬ ተቀመጥኩና ዐይኔ ተረከዜ ላይ አረፈ። እሱም ልክ እንደዚያ ነበር የሚሰነጠቀው፣ ልጄ ዓባይነሽ ከዓረብ አገር ስትመለስ ግሊሰሪን አምጥታልኝ እየተቀባሁ እስኪለሰልስ ድረስ። የእኔን ተረከዝ ያሸነፈ ነገር ድንች አያቅተውም ብዬ አራት ማንኪያ ገለበጥኩበት። በዛ። የሰፈሩ ዝንብ በሙሉ ተጣበቀበት፤ ድስት ያዋሰችኝ ጎረቤቴ ሀጀራም አያ አለምነው ዝንብ ማድለብ ጀምሯል እያለች አወራችብኝ። ለአንድ የሻይ ብርጭቆ ውሃ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዝቃጭና አንድ የሻይ ማንኪያ ግሊሰሪን ሳደርገው ግን፣ ወላሂ፣ ይጠቀለላል፣ ይታጠፋል፣ አይሰበርም። ጠርዙን አጣብቄ ከረጢት አደረግኩት። ችግኙ ከነከረጢቱ ይተከላል፤ እርጥበት ሲያገኘው ከረጢቱ በስብሶ አፈር ይሆናል። አርባ ለወርቄ፣ ሰባ ሁለት ለጎረቤት ሠርቼ፣ ለችግኝ ጣቢያ ሰዎች ላሳይ በሐምሌ መጀመሪያ ወደ ከተማ ይዤ ወጣሁ። እናንተንም ያገኘኋችሁ ያን ዕለት ነው። አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

፩ኛ. ፌስታል ይጥፋ መባሉን ከልቤ እደግፋለሁ። ስለዚህ ሠራተኛዎ አቶ ታደለ እጄን ሲይዙኝ፣ መቼም ሕግ ነቅቷል ብዬ ደስ አለኝ። የድንች ነው ብላቸው፣ ድንች ክብ እንደሆነ በትዕግሥት አስረዱኝ። ስለ ትምህርቱ አመሰግናለሁ፤ ይህን ሁሉ ዓመት ስቆፍረው ልብ ሳልለው ኖሬአለሁ።

፪ኛ. ስለ ምርመራው ጥራት አመሰግናለሁ። ጫፉን በክብሪት ለኮሳችሁት። ፕላስቲክ ቢሆን ኖሮ እየቀለጠ ይንጠባጠብ ነበር፤ የእኔው የተጠበሰ ድንች ሸተተ፤ ዘበኛውም ምሳ ደረሰ ወይ ብለው አንገታቸውን አስገቡ። በቃለ ጉባኤው ላይ የሰፈረው ግን «ሽታው ምግብ በመምሰል ኅብረተሰቡን ያሳስታል» የሚል ነው። ይህን የጻፈው ሰው ደመወዝ ይጨመርለት።

፫ኛ. መቶ አሥራ ሁለቱን ከረጢቶች ለማስረጃ ስትወስዱ የከተታችኋቸው በአንድ ትልቅ ጥቁር ፌስታል ነው። ፌስታሉን ከየት እንዳመጣችሁት አልጠየቅኩም፤ ያን ያህል ድፍረት የለኝም። በማግስቱም ቤቴ ድረስ ደክማችሁ መጥታችሁ የሀጀራን ድስት «የወንጀል መሣሪያ» ብላችሁ ከነክዳኑ ወሰዳችሁ።

፬ኛ. አራተኛውን ጽፌው ነበር። ዓባይነሽ አንብባ፣ አባዬ ይህስ ያሳስርሃል ብላ ቀደደችው።

፭ኛ. ከአምስት ሳምንት በኋላ መጋዘናችሁ ተከፈተ። ጣሪያው ሲያፈስ ከርሟል፤ አይጦቹም ሥራ አልፈቱም። ጥቁሩ ፌስታል አንድ ቦታ ተበስቶ፣ ሌላው አካሉ በሙሉ ጤንነት ላይ ሆኖ ተገኘ፤ ውስጡ ግን አንድ እፍኝ ዝቃጭና የአይጥ ኩስ ብቻ ነበር። ወዲያው ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ደረሰኝ፦ ማስረጃ በማጥፋት ተጠርጥሬአለሁ፤ ከረጢቶቹን ቆጥሬ ካልመለስኩ ድስቱ አይለቀቅም፣ ሥራውም አይፈቀድም።

ክቡር ሆይ፣ እኔ ይህን ያህል ምስክር ከየት አገኝ ነበር? ይበሰብሳል ብዬ ብምል ብገዘት ያልታመንኩትን፣ መጋዘንዎ ያለ አበል ሠርቶ አረጋገጠልኝ። የእኔው አፈር ሆኖ ሄደ። የተከለከለው ፌስታል ግን ቁጥር ተለጥፎበት፣ በእናንተው ቁልፍ ተጠብቆ ተቀምጧል።

ችግኞቹ መደብ ላይ ቆመው ይጠብቃሉ። ዝናቡ ሊወጣ ነው፤ እሱ እንደ ቢሮዎ ነገ ተመለሱ አይልም። ለሚቀጥለው ክረምት እደርሳለሁ ብዬ ልጽፍልዎ ደግሞ አልችልም፤ ከላይ ከዘረዘርኳቸው የምችላቸው ነገሮች ውስጥ እሱ የለበትም። ስለዚህ ብትፈቅዱም ባትፈቅዱም፣ በሻይ ማንቆርቆሪያም ቢሆን ድንቹን አብስዬ፣ ጳጉሜን ሦስት ቀን እተክላቸዋለሁ። ማስረጃ ከፈለጋችሁ መቃብሩ ጋ ኑ። ብቻ ቶሎ ኑ፤ መሬቱ ከአይጦቻችሁ ይፈጥናል።

ያለብኝንም ዕዳ ልጄ እንድትጠየቅበት አልፈልግም፤ ራሴ እከፍላለሁ። ለሀጀራ፣ ከመውሊድ በፊት ድስቷን፣ በራችሁ ላይ ተቀምጬም ቢሆን። ለዓባይነሽ፣ የምጨርስባትን ግሊሰሪን። ለእርስዎ ቢሮ፣ መቶ አሥራ ሁለት ከረጢት፤ ሲረከቡ ፈጠን ብለው ይቁጠሩ። ለወርቄ፣ አርባ ወይራ።

ለመጋዘንዎ ጣሪያ፣ ለቀዳዳውና ለነዋሪዎቹ ያለኝን ከፍ ያለ አክብሮት እየገለጽኩ፣ ወገቤ እስከፈቀደልኝ ድረስ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ፣ ድስት ናፋቂዎ፣

አለምነው አበጋዝ
(ፊርማዬ ነው፤ የጣት አሻራ አያስፈልገኝም)

ማሳሰቢያ፦ ይህ ደብዳቤ የደረሰዎ ፖስታ የተሠራው ከዚያው ከድንች ነው። እንደ ቀደሙት ማመልከቻዎቼ መሳቢያ ውስጥ ከከረመ አይጦቹ ከእርስዎ ቀድመው ይጨርሱታል። ያን ጊዜ ፖስታ ጠፋ ብለው እኔን አይጥሩኝ፤ ከቢሮዎ ጉዳዬን ጀምሮ የሚጨርስ በመገኘቱ እነሱን አመሰግናለሁ።