ስቅታ የዋጠው መልእክትሽ

ለማትጠገቢው እናቴ፣

ሰላምታዬ ከደጃፍሽ ይጀምርና እስከ ጓዳሽ ይዝለቅ። እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ነው፣ ብርድ ሲሆን አሁንም ይቆረጥምሻል? ዓይንሽስ? ክር በመርፌ ቀዳዳ ራስሽ ታስገቢያለሽ ወይስ እህቴን ትጠሪያለሽ? ጣሪያው ዝናቡን ቻለ? ጎረቤቶቻችንስ ታረቁ ወይስ ዛሬም በአጥሩ ይነታረካሉ? አባባስ እንዴት... እማዬ፣ ብዕሬ እዚህ ላይ ቆመ። «እንዴት ናቸው» ልበል «እንዴት ነበሩ» ልበል አላወቅሁም። ይህን ደብዳቤ የምጽፈውም በዚሁ ጉዳይ ነው። እኔ በአካሌ ደህና ነኝ፤ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ እጄም እንደ ልማዱ ቀለም እንደነከረው ነው። ሐሳቤ ግን ውሉ እንደጠፋበት ልቃቂት ሆኖብኛል።

ይህን የምታነቢላት እህቴ፣ አደራሽን፣ እንደ ልማድሽ እየዘለልሽ እንዳታነቢ። በተለይ የመጨረሻዋን ቃል እንዳትውጪ። ለምን እንዲህ እንደምል አሁን ይገባችኋል።

እማዬ፣ አንቺ በአድራሽ ጆሮ መናገር እንጂ ከአድራሽ አፍ መስማት አልገጠመሽም፤ እኔ አፌ ስለሚተሳሰር ሁልጊዜ ወረቀት ነው የምልክልሽ። ስለዚህ በዚህኛው ጫፍ ያለውን ልንገርሽ። አድራሹ ጆሮው ውስጥ የነገርሽውን ጉሮሮው ላይ አሽጎ ሜዳና ወንዝ ያቋርጣል። የተላከበትን ሰው ፊት ባየ ጊዜ አፉ በራሱ ይከፈታል፤ የሚወጣውም የእርሱ ድምፅ ሳይሆን ያንቺው ነው፣ ከነሳሉ ከነትንፋሹ። ተናግሮ ሲያበቃ ምን እንዳለ አያውቅም። ድገመው ቢሉት ከየት ያመጣዋል?

የላክሽው አድራሽ ቀጠን ያለ፣ ፀጉሩ ገባ ገባ ያለ፣ ይሉኝታ የሚያጠቃው ሰው ነው። እኔ ከሥራ ሳልመለስ ደርሶ ከደረጃው ሥር ተቀምጦ ሲጠብቀኝ ክፍሌን የምታከራየኝ የቤት ባለቤቴ አየችው። ስለ እሷ ጽፌልሽ ነበር፤ ደግነቷ ሁልጊዜ ጣጣ የሚያመጣባት ሴትዮ። «ምነው ከንፈርዎ እንዲህ ደርቆ!» ብላ ከጉድጓድ የወጣ ቀዝቃዛ ውሃ በትልቅ ጣሳ አቀረበችለት። አድራሽ መልእክቱን ሳያራግፍ ለብ ያለ ውሃ ፉት ይላል እንጂ ቀዝቃዛ እንደማይነካ እሷ አታውቅም። እርሱ ያውቃል፤ ግን እምቢ ማለት አቃተው፣ ጥሙም በረታበት፣ ግጥም አድርጎ ጠጣው። ወዲያው ስቅታ ያዘው።

እኔ ስገባ እጁን አፉ ላይ ጭኖ ዓይኑ ፈጧል። ፊቴን ሲያይ እጁ ወረደ፣ አፉም ተከፈተ። «ልጄ፣ እንደምን... ስቅ!» አለኝ። እማዬ፣ ድምፅሽን ስሰማ የያዝኩት ዘንቢል ከእጄ ወደቀ። «እኛ ደህና... ስቅ! እህትሽ ያንን አናጢ እንደምንም ብላ... ስቅ! በመጀመሪያው ዝናብ አባትሽና ጌታው በአንድ ቀን... ስቅ! አባትሽ ከአልጋ... ስቅ! ጌታው ደግሞ ከጋጣ... ስቅ! አንቺ ግን ይህን ሰምተሽ በዚህ ክረምት... ስቅ!» አለና አፉ ተዘጋ።

የቤት ባለቤቴ «ለእህትሽ እንኳን ደስ አለሽ!» ብላ ልታቅፈኝ ተነሳችና መሀል ላይ ቆማ «ወይስ ተወችው?» አለች። እኔ ስለ አናጢው የማስብበት ልብ አልነበረኝም። ቋንቋችንም ጉደኛ ነው፤ ሰውየውን ይጠራል፣ ቦታውን ይናገራል፣ ቀኑን ይቆጥራል፣ ፍሬ ነገሩን ግን ለመጨረሻዋ ቃል ደብቆ ይሄዳል። አባባ ከአልጋ ምን? በቅሏችን ጌታው ከጋጣ ምን?

አድራሹ ምን እንደተናገረ ባያውቅም ፊታችንን አይቶ ገባው። «ሙሉውን አላልኩም እንዴ?» ሲለኝ «ጅራት ጅራቱን አስቀርተውታል» አልኩት። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። በማግስቱ ወደ አድራሾች ቤት ይዤው ሄድኩ። የቤቱ ሹም ጉሮሮውን በመብራት አይተው፣ ሆዱን ዳበስ ዳበስ አድርገው፣ የተዋጠ ቃል እንደማይጠፋ ነገሩን። ሆድ ውስጥ ይሰነብትና ደስ ባለው ጊዜ ይወጣል አሉ። በየትኛው ቅደም ተከተል እንደሚወጣ ስጠይቃቸው «ልጄ፣ ሆድ ሰልፍ አያውቅም» ብለው ወደ ሌላ ሰው ዞሩ። የቤት ባለቤቴም በጥፋቷ ተጸጽታ፣ ቃሎቹ ወጥተው እስኪያልቁ ከታች ያለችውን ክፍል ለቀቀችለት።

መጀመሪያ «ከረምሽ» በእንቅልፉ አመለጠችው፤ ቀጥላ የወጣችው «ነን» ናት፤ ፊቱን ሲታጠብ። አትቆጪኝና፣ እሷ ምንም አልጠቀመችኝም። አንቺ ቤቱ በእሳት ቢያያዝ እንኳ «ደህና ነን» ነው የምትይው። «ወደቁ» ደረጃ ሲወጣ መጣች፤ የቤት ባለቤቴ «ኧረ ማን ነው የወደቀው?» እያለች እየሮጠች ወጣች። አባባ ታመው፣ ጌታው ደክሞ፣ በአንድ ቀን መውደቃቸውን ያወቅሁት ያኔ ነው። «አገባችው» ያለው ደግሞ ገበያ መሀል ሽንኩርት ሲመርጥ ነው። ሻጯ «ማን? ማንን?» ብላ ይዛ አልለቅ አለችው። እህቴ፣ እንኳን ደስ አለሽ፤ ደስታሽን በሽንኩርት ተራ መስማቴ ይገርመኛል፣ ግን ከልቤ ነው።

ዋነኞቹ የመጡት ምሳ ላይ ነው። ሦስታችንም ተቀምጠን፣ እርሱ አፉን በዳቦ ሞልቶ እያኘከ ሳለ «ተነሱ» አለ፣ በአንቺ ድምፅ። ከመቀመጫዬ ብድግ አልኩ። ገና እልል ልል ስል ማንኪያውን አስቀመጠና ዝቅ ባለች ድምፅሽ «አልተነሳም» አለ። አድራሹ ዓይን ዓይኔን እያየ «ክፉ ነገር ነው?» አለኝ። «አላውቅም» አልኩት። «ደግ ነገር ነው?» አለኝ። «እሱንም አላውቅም» አልኩት። ሾርባው እፊቱ ቀዘቀዘ።

እንግዲህ እማዬ፣ ያለሁበት ይህ ነው። ከአባባና ከጌታው አንዱ ተነስቷል፣ አንዱ አልተነሳም። ማንኛው እንደሆነ ግን አልለየልኝም።

በምሠራበት በጨርቅ ማቅለሚያው ቤት ነገሩ የሁሉም መከራከሪያ ሆነ። አለቃችንን፣ እጁ እስከ ክርኑ ሰማያዊ ስለሆነ፣ «ሰማይ» እንለዋለን፤ ሰማይ ይባል እንጂ አንድ ቀን ጠርቶ አያውቅም። እርሱ «የወደቀ ሽማግሌ አይነሳም፣ በቅሎ ግን ይነሳል» አለ። ጨርቅ አጣቢዋ ጓደኛዬ በእርጥብ ጨርቅ መታችውና «አንተ ደግሞ ሟርትህ! ይህ ምን ያከራክራል? ‹ተነሱ› አንቱታ ነው፣ አባቷን ነው። ለበቅሎ አንቱ የሚል የት አለ?» አለች። «እኛ ቤት አለ» አልኳት። ከዚያ ጌታው የሚባለው አሮጌው በቅሏችን፣ አንቺ ጠዋት ጠዋት «ዛሬስ ምን ከፋዎት ጌታው? እባክዎ ይራመዱ» ካላልሽው ንቅንቅ እንደማይል ለሁሉም ሳስረዳ እጃቸውን ከገንዳ አውጥተው ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ መሀሉ ላይ ሳቄ ወደ ሌላ ነገር ዞረብኝና ጀርባዬን ሰጠኋቸው።

ያልነገርኳቸው ነገር አለ። አባባን በሰው ፊት አንቱ ትያቸዋለሽ። ሲያማቸው ግን፣ ማንም የማይሰማሽ መስሎሽ፣ ግንባራቸውን በመዳፍሽ እየዳበስሽ «ምን ሆንክብኝ?» ስትይ ከመጋረጃው ወዲያ ሰምቼሻለሁ። ታዲያ «አልተነሳም» ያልሽው ማንን ነው? ድምፅሽን ደጋግሜ በልቤ እያሰማሁ ልለየው ሞከርኩ። «ተነሱ» ሲል ሳቅ ይኑርበት እንባ ይኑርበት ዳቦው ሸፈነው። «አልተነሳም» ዝቅ ያለችው ደግሞ ለአባባ ነው እንዳልል፣ እኔን በሕፃንነቴ ወደ ሐኪም ያመላለሰውን በቅሎ በምን ድምፅ ልትነግሪኝ ኖሯል?

ልኬ እንዳልጠይቅሽ ወንዙ ሞልቷል፣ አድራሾች ወደ እናንተ ማዶ አይሻገሩም። በተራራው መንገድ ቢዞሩስ ብዬ ሹሙን ለምኜ ነበር፤ ከአናቱ ላይ ብርዱ ድምፅን ያበላሸዋል፣ የሴት ልጅ አደራ የአዛውንት ሳል ሆኖ ይደርሳል አሉኝ። ወረቀት ግን ብርድ አይፈራም። እንዲያው ሳስበው ሰው ድምፅ ይሞቃል ብሎ ወረቀትን ናቀ እንጂ፣ ወረቀት ውሃ ጠጥቶ ስቅ አይለውም።

እስከ ትናንት ወዲያ ድረስ ራሴን ያደከምኩት፣ ያልተነሱት አባባ ከሆኑ እሄዳለሁ፣ ጌታው ከሆነ እቀራለሁ እያልኩ ነው። ጨርቅ እያሰጣሁ፣ እንደተለመደው አንዱን ከአንዱ እያጋጠምኩ ሳለ፣ ጌታው ከሆነስ ብዬ እስከ መጨረሻው አሰብኩት። አባባ በዕድሜያቸው ከእኛ ጋር ካወሩት ከጌታው ጋር ያወሩት ይበልጣል። እኛን ሲቆጡ እንኳ ለእርሱ ነበር የሚከሱን። ከሕመማቸው ተነስተው ባዶ ጋጣ ፊት ሲቀመጡ፣ ማንም ለበቅሎ ለቅሶ ስለማይደርስ ብቻቸውን ሲሆኑ ታዩኝ። አባባ ከሆኑስ? አንቺ አለሽ፤ እህቴ አግብታ ወጥታለች፣ ጠዋት ጌታውን አንቱ ብለሽ አስነስተሽ የምትመለሺው ወደ ባዶ ቤት ነው። ያም ሆነ ይህ እዚያ ቤት አንድ ሰው ብቻውን እያለቀሰ ነው። ይህን ሳስብ የያዝኩትን ጨርቅ በገመዱ ላይ በአንድ ጎኑ ብቻ ሰቅዬ ወደ አለቃችን ሄድኩ።

«ለበቅሎ ተብሎ ሥራ ይለቀቃል?» አለኝ። «ለበቅሎ ይሁን ለሰው አላውቅም፤ ግን እሄዳለሁ» አልኩት። የሥራው ወቅት ስለሆነ ገንዳዬን እንደማይጠብቅልኝ ነገረኝ፣ እንዳለውም ዛሬ ጠዋት ለሌላ ሴት ሰጠው። ቀዩን ቀለም እኔ ነበርኩ የማወጣው፤ የእሷን ቀይ አየሁት፣ ጡብ ይመስላል። ቅናት ይሁን ሐዘን እንጃ፣ ብቻ ሁለተኛ ዞሬ አላየሁትም። ስመለስ ምን እንደምሠራ አላውቅም። እፈራለሁ እማዬ፣ ልዋሽሽ አልችልም።

አድራሹ ትናንት ወደ ቤቱ ሄደ። ሲሰናበተኝ «ወንዙ ሲጎድል ቃልሽን በነፃ አደርስልሻለሁ» አለኝ፤ አፉን እንዲያሳርፍ ነግሬ ሸኘሁት። የቤት ባለቤቴ ከዚያ ወዲህ ውሃ ሳታሞቅ ለማንም አትሰጥም፣ ለድመቷ እንኳ።

ያልነገርኩሽ አንዲት ቃል ቀርታኛለች። ከመሄዱ በፊት ግቢውን ሊጠርግልን መጥረጊያ ሲያነሳ «እንዳትመጪ!» አለ፣ ልጅ ሆነን ከእሳት ስታርቂን በምትጮሂበት ድምፅሽ። ከመልእክትሽ ሁሉ ያለ ምንም ጥርጥር የገባኝ እሱ ብቻ ነው። እሱንም ልፈጽመው አልቻልኩም፣ ይቅር በይኝ። ይህን ወረቀት የያዘው ፈረሰኛ ዛሬ ይነሳል፤ እኔ ደግሞ በዚያው በተራራው መንገድ በበቅሎ ዕቃ ከሚያመላልሱት ጭነኞች ጋር እከተለዋለሁ። የእነርሱ እርምጃ የጭነት እርምጃ ስለሆነ ወረቀቱ ይቀድመኛል።

እህቴን ግጥም አድርገሽ ሳሚልኝ፤ ለባሏም፣ ገና አማችነቱን ሳልለምደው፣ የጓዳውን በር ማጠፊያ እንዲያይልን ንገሪልኝ። ጎረቤቶቻችንን፣ አጥሩን ይተዉና፣ ሰላም በይልኝ። ጌታው ካለ ከጆሮው ሥር እከኪልኝ፣ አንቱ ማለቱንም እንዳትረሺ፤ ከሌለ ደግሞ እኔ እስክደርስ ጋጣውን ማንም አያፍርሰው። አባባ ይህ ሲነበብ አጠገብሽ ተቀምጠው የሚሰሙ ከሆነ፣ አንቱታውን ትተሽ «ልጅህ እየመጣች ነው» በይልኝ። የማይሰሙ ከሆነም ካሉበት ሄደሽ ያንኑ በይልኝ።

ናፍቆትሽ የጠናባት
ልጅሽ

ከማቅለሚያው ቤት ጀርባ ካለችው ክፍሌ፣
የክረምቱ እኩሌታ ባለፈ ማግስት