ደሴ ልንመዘገብ ሄደን ኮምቦልቻ ስለ መቅረታችን

ኩታበር፣ ጥቅምት 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለውዱ ባለቤቴ ለእንየው፤

እንዴት ከርመሃል? የመንገድ ሥራ ካምፓችሁ ዛሬም ኔትወርክ የለውም አሉ። ይህን ሁሉ ወሬ ይዤ ልፈነዳ ስል የእናንተው ሾፌር በሺር ነገ ወደ ካምፕ እመለሳለሁ አለኝና ብዕር አነሳሁ። እኛ ደህና ነን። ላሟም ደህና ናት። ልጃችን ሀኒም ደህና ናት፤ ብቻ ደሴ እህትህ ወርቄ ቤት ሆና ትማር ያልከው ነገር ትንሽ ዞር ብሏል። ሳትቆጣ እስከ መጨረሻው አንብበው።

እንዳልከው ሰኞ ማለዳ ሀኒን ይዤ ደሴ ገባሁ። የሙያ ኮሌጁ በሦስት ሰዓት ነው የሚከፈተው ሲሉን፣ ቆመን ከምንጠብቅ ብዬ ፒያሳን ዞርን። እንየው፣ ያ ሁሉ ሰው ወዴት ነው የሚሄደው? ባጃጁ፣ ልብስ ሻጩ፣ ዘፈኑ! አንዱ ጫማ ሻጭ እኔን እያየ ሀኒን «እህትሽ ናት?» አላት። ጫማውን ሳልገዛ መሄድ ነውር መሰለኝ።

ከዚያ ወደ ኮሌጁ። ሀኒ ሽንት ቤት ልፈልግ ብላ ሄደች። እኔ ወደ ውስጥ ስዘልቅ ምን ባይ ጥሩ ነው? ድንኳን! እድራችን የሚተክለው ዓይነት ያው ድንኳን፤ አግዳሚ ተደርድሮ፣ ሰዉ አቀርቅሮ፣ ጥቁር ቲሸርት የለበሱ ወጣቶች ጎንበስ ቀና ይላሉ። ሐዘን የተቀመጠን ሰው አልፎ ስለ ትምህርት እንዴት ይጠየቃል? የነጠላዬን ጥለት ወደ ላይ አዞርኩና «እኔን! እኔን!» እያልኩ ገባሁ።

አንዲት ሴት ጠጋ ብላ አስቀመጠችኝ። ሳለቅስ ስታይ የእሷም እንባ መጣ።

«አይዞሽ እህቴ፣ እኔም ላይ ደርሷል።»

«መቼ?»

«ባለፈው ወር፣ የልጄ ውጤት የወጣ ቀን።»

አልገባኝም፤ ሐዘን የማያናግረው የለም ብዬ ተውኩት። አንዱ ጥቁር ለባሽ ውሃ ይዞልኝ መጣ።

«እግዜር ያጽናችሁ ልጄ። ወጣት ነው ወይስ በዕድሜ የገፋ?»

«ሁለቱንም እንቀበላለን እናቴ።»

ይኼኔ ሀኒ ደረሰች። «እማ! ምዝገባ ነው! ምዝገባ!»

ድንኳኑ በሳቅ ሊፈርስ ምንም አልቀረው። ያቺ ሴትዮ እንባዋን ሳትጠርግ ሳቀች። ሀኒ ግን ፊቷ በርበሬ መስሎ «ከዛሬ ጀምሮ ስሜ የአልቃሿ ልጅ ነው። እዚህ ግቢ የምገባው ከሞትኩ ብቻ ነው!» ብላ ክንዴን ጎትታ አወጣችኝ።

ትመክርልኝ ብዬ ሆጤ ሰፈር ወደ ወርቄ ቤት ወሰድኳት። እህትህ ሰላም ብላሃለች። «እኔ ቤት በር በአሥራ አንድ ሰዓት ይዘጋል፤ መብራት በሁለት ይጠፋል፤ ሳቅ አልወድም» አለች። ሀኒ አየችኝ። እኔም አየኋት። በማግስቱ፣ ሳንመካከር፣ ኮምቦልቻ ሚኒባስ ላይ ነበርን።

ሐረጎን ቁልቁል ስንወርድ ሙቀቱ ተቀበለን። የኮምቦልቻው ኮሌጅ ግቢ ድንኳን የለውም፤ መጀመሪያ ያየሁት እሱን ነው። ነጂባ የምትባል የልብስ ስፌት መምህርት ሀኒን አንዱ ማሽን ላይ አስቀመጠቻት። ልጅህ ከተወለደች ጀምሮ ዝም ስትል ያየኋት ያን ጊዜ ነው። ቀና ስትል «እማ፣ ይኸው ነው» አለችኝ። ምን ልበላት? ነጂባ ደግሞ «እርስዎም ይሞክሩት እንጂ፤ የማታው ክፍላችን እናቶች ይበዙበታል» አለችኝ። ስንት ሰዓት እንደሚጀምር ጠየቅኳት፤ እንዲያው ለማወቅ ያህል።

አመሻሽ ላይ የፋብሪካ ሠራተኛ ልጃገረዶች ክንድ ለክንድ ተያይዘው መንገዱን ሞልተው ሲወጡ ብታይ! ስፕሪስ ጠጣን፤ አቮካዶው ከታች፣ ማንጎው ከላይ። ደገምኩ።

ሀኒ ተመዝግባለች። ይኸው፣ ተናገርኩት።

ልጅ ብቻዋን ከተማ አትቀመጥም ብለሃል። ልክ ነህ። ቃልህን አክብሬ አብሬያት እቀመጣለሁ። ቦርከና ወንዝ ማዶ አንዲት የኪራይ ክፍል አይቻለሁ፤ ላሟን ወንድምህ ደሳለው ይይዛታል። ከተማው ጫጫታ ነው፣ ሙቀቱም ከባድ ነው፤ ግን ለልጅ ሲባል ምን ይደረጋል።

እግዚአብሔር ከመንገዱ አደጋ ይሰውርህ፤ በሰላም ተመልሰህ ለመሳቅ ያብቃን።

ባለቤትህ ይታይሽ

እንዳልረሳው፦ ኔትወርክ ያለበት ስትወጣ ማታ ከአሥራ ሁለት እስከ ሁለት ሰዓት አትደውልልኝ። መምህሯ ስልክ አትወድም።