ሀያት «እርስዎ» አለችኝ

እሑድ፣ ጥር 25 ቀን 2017፣ ኮምቦልቻ

ልጄ ሀያት ከአዳሪ ትምህርት ቤት ለእረፍት መጥታ ሰንብታ ዛሬ ወደ ደሴ ተመለሰች። ቤቱ ጭር ብሏል።

የመጣች ዕለት ከበር ስትገባ «አሰላሙ አለይኩም እማ፣ ደህና ነዎት?» አለችኝ። ከኋላዬ ሌላ ሰው የቆመ መስሎኝ ዞር አልኩ። ድሮ ከአጥሩ ውጭ ጀምራ «እማ፣ የት ነሽ? ራበኝ!» እያለች ነበር የምትገባው። «ቀስ በይ፣ ጎረቤት ይሰማል» እያልኩ እቆጣት ነበር። ምነው ዛሬም በጮኸች!

«ምነው አንቺ አትይኝም?» ብላት፣ «እዚያ ትልቅ ሰው አንቺ ካልን እንቀጣለን፤ ለመደብኝ» አለች። ትልቅ ሰው ሆንኩ ማለት ነው ብዬ ሳቅኩ። ሳቁ ግን ከአንገት በላይ ነበር።

አባቷ በደስታ የሚሆነውን አጥቷል። «አየሽ? አዳሪ ቤት ሰው አደረጋት» ይላል። ውሸት አይደለም። አልጋዋን ራሷ ታነጥፋለች፤ ለሱብሂ ሶላት ጎህ ሲቀድ ማንም ሳይቀሰቅሳት ትነሳለች፤ ድሮ የሚያስለቅሳትን ሒሳብ አሁን እየሳቀች ትሠራዋለች። ወላሂ፣ ይህን ሁሉ ወድጄዋለሁ። ግን ሹሩባ ልሠራት ስቀመጥ እንደ ድሮው ጭኔ ላይ ጭንቅላቷን አልጣለችም። ቀጥ ብላ ተቀምጣ «ደከመዎት እንዴ?» አለችኝ።

ዛሬ መናኸሪያ ሸኘኋት። ሚኒባሱ ሊነሳ ሲል እንባዬ መጣ። ትንሽ ሳለች ወድቃ ስታለቅስ አቧራዋን እያራገፍኩ «አብሽሪ» እላት ነበር። አሁን እሷ በመስኮቱ እጇን አውጥታ እንባዬን ጠረገችልኝና፣

«አብሽሩ፣ እማ» አለችኝ።